ከግራ የተለቀመ ምስር

ዲላ፣ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኪሩቤል፤

እንደምን ሰንብተሃል? ሥራው፣ ጤናው፣ የኢምባካሲው የአውሮፕላን ጩኸት እንዴት አድርጎሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ክረምቱ ወጣ ቢባልም ዲላን ማን ነግሯት፤ ከሰዓት በኋላ ያው መዝነቧ ነው።

ለምን ይህን ያህል ቀን ሳልጽፍልህ እንደ ቆየሁ ጠይቀሃል። ይቅርታ አድርግልኝ። የትምህርት ቤት ሬኮርድ ክፍል ሠራተኛ በመስከረም ወር ቤተሰብ የለውም። ምዝገባው፣ የጠፋ ካርዱ፣ “ልጄን ከጠዋቱ ፈረቃ አስገቢልኝ” የሚለው ወላጅ ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚወርደው።

እማዬ በእጇ ሁለት መስመር እንኳ ያልጨመረችበት ምክንያት ምንድነው ላልከው፣ ዓይኗን ትንሽ አሟታል። ደብዳቤህን እንደ ወትሮው ቢሮ አትሜ ወስጄላታለሁ። የሠራኸውን የስልክ ጨዋታ ደግሞ አልተወችም፤ አንተም ከዚያ ሆነህ ታየው የለ? ትናንት እንኳ ሦስት ሰፌድ ምስር ለቅማለች።

ጨዋታውን የምታስረክበው ጥቅምት 14 መሆኑን አልረሳንም። እስከዚያ ድረስ ሐሳብህን ሌላ ነገር ላይ አታድርግ። ምሳህን ጋሽ ገብሬ ጋ ብላ። ለብቻህ አትሁን።

እህትህ አስናቀች

—

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስናቀች፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሁልጊዜ “የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ” ብዬ ነበር የምጀምረው። ዛሬ አልልም። እማዬ ማረፏን አውቃለሁ።

ማንም አልነገረኝም፤ ሰው አትጠርጥሪ። ያን ስልክ ስልክላት ጨዋታው መከፈቱን ከዚህ እንደማይ ነግሬያችኋለሁ፤ ያልነገርኳችሁ ነገር ግን አለ። ኪቶ የሚሉት አዲስ ስልክ ገና ገበያ ስላልወጣ ለእኔ ዓይነቱ ጨዋታ ሠሪ የሚሰጡት የሙከራ ስልክ ነው። ለቀማ ያልኩትን ጨዋታዬን ስትከፍተው ጣቷ ያረፈበት ቦታና ሰዓቱ እዚህ ኮምፒዩተሬ ላይ ይጻፋል። የሚጻፈው ለሥራ ነው፤ ሰው የት ላይ እንደሚቸገር ለማወቅ። እኔ ግን ጆሮዋ ከደከመና ስልክ ማውራት ካልቻልን ወዲህ ደህና ማደሯን የማውቀው በዚያ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሰዓት ላይ ትከፍታለች። ከቀኝ ጥግ ትጀምራለች። መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ የነቀዘውን። አንድ ሰፌድ ሰባት ደቂቃ ይፈጅባታል። በአምስት ወር ውስጥ አንዲት ደህና ምስር አልጣለችም።

ከመስከረም 17 እስከ 22 ምንም የለም። በ23 ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተከፈተ። ከግራ ጥግ ተጀመረ። ሰፌዱ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አለቀ፤ አሥራ አራት ደህና ምስር ተጥሏል። በቤታችን ግራኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ደግሞ ዓይኗን ለመጻፍ አሟት ለምስር እንዴት ተሻላት? ውሸት እንኳ ስትዋሺ ቸኩለሻል።

መጀመሪያ ታማ ይሆናል ብዬ ነበር። ከዚያ ምሳ ልበላ ኪሌሌሽዋ ጋሽ ገብሬ ምግብ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ገብሬ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያዩኝ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ “አንተ የስልክ ልጅ፣ ዛሬም ሰው የሚያውቀው ሥራ አልያዝክም?” በዚያን ቀን ግን “ልጄ፣ በደንብ ብላ” አሉኝ። ሳላዝ ሁለተኛ ጥብስ መጣ። ባለቤታቸው አየት አድርገውኝ ወደ ጓዳ ገቡና አልወጡም። ሐበሻ ድንገት ደግ ሲሆንብሽ ሰው ሞቶብሻል ማለት ነው።

ጥብሱን በላሁት፤ ሁለተኛውንም ጨረስኩት። ወደ ቤት ተመልሼ የሰፌዱን ቀለም ሳስተካክል ዋልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ዛሬ ሰባት ቀን ሆነኝ፣ እስካሁንም ምንም የለም። ጥርስ ሊነቀልልሽ ሲያደነዝዙሽ ከንፈርሽ የሌላ ሰው እንደሚመስልሽ፣ እንደዚያ ነኝ።

ማወቄን ለማንም እንዳትናገሪ። ማታ ማታ መክፈቱንም አትተዪ።

ወንድምሽ ኪሩቤል

—

ዲላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኪሩ፤

ደብዳቤህን ያነበብኩት ቢሮዬን ከውስጥ ቆልፌ ነው። ደጅ የቆሙት ወላጆች በር ሲደበድቡ ነበር፤ ይደብድቡ።

መጀመሪያ ተናደድኩብህ። እኔ ነፍሴን አስጨንቄ እዋሻለሁ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ምስር ትቆጥራለህ። ኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አናደደኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ ከቀኝ እንደምትጀምር አላውቅም ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ስትለቅም ነው የኖረችው። አንተ ከናይሮቢ አየኸው።

ከደብዳቤህ በማግስቱ በላክሃት አጭር መልእክት ማን እንደ ወሰነ ጠይቀኸኛል። አጎቴ በኃይሉ ናቸው። ለቀስተኛው ሳይበተን ዕድሩን ሰብስበው “ስልኩ ገበያ ሲወጣ ተጭነውበት የሚሸጡት ሃያ ጨዋታዎች ብቻ ናቸው ብሏል ልጁ። ስድስት ዓመት የደከመበት እንጀራው ነው። እስኪያስረክብ ይቆይ፤ የሞተች አትመለስም” አሉ። ለጋሽ ገብሬም ደወሉላቸው። እኔ ይነገረው አልኩ። በኋላ ግን ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴን አልክድም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው፣ የመጀመሪያውን ማታ ስልኩን የከፈትኩት ጓዳ ተደብቄ ነው፣ በአራተኛው ማታ እራቴን እየበላሁ ለቀምኩ።

ያረፈችው መስከረም 20 ነው። ሦስት ቀን ታማ። ሌላውን አልጽፈውም። በዚያችው መልእክት “ጠርታኝ ነበር ወይ?” ብለሃል። አሁን አልመልስልህም።

አርባዋ ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ ይውላል። መርዶህ ጥቅምት 15 ጠዋት ነው። ተረድተህ በማግስቱ ብትነሳ ትደርሳለህ። ትመጣለህ?

አስናቀች

—

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፤

አልመጣም መሰለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፤ ከወጣሁ መመለሱ ያስቸግራል።

ይህንን ጽፌ ተነሳሁና ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ። ሰበብ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ፈቃዱ ባለፈው ሳምንት ወጥቶልኛል፤ ፓስፖርቴም እጄ ላይ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ። እፈራለሁ። ዲላ ስደርስ ሴቶቹ እየጮኹ ይቀበሉኛል። ሁሉም ፊቴን ያያል። እኔ ደረቅ ዓይኔን ይዤ እቆማለሁ። በትልቁ ልጃቸው ቀብር ላይ ያላለቀሱትን የጎረቤታችንን ነገር ስንት ዓመት አወሩት? “ልባቸው ድንጋይ ነው” እያለች እማዬ ራሷ ታወራ ነበር። በሷ ለቅሶ ላይ ስለኔ እንደዚያ እንዲባል አልፈልግም። ለእሷ ካላለቀስኩ ለማን ላለቅስ ነው?

ሞክሬያለሁ። ፎቶዋን አየሁ። ነጠላዋ የተቀመጠበትን ሻንጣዬን ከፈትኩ። ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ስሟን በልቤ ደጋገምኩ፤ ረዳቱ ሁለት ጊዜ ሒሳብ ሲጠይቀኝ አልሰማሁትም፣ ያ ብቻ ነው የሆነው።

ሥራው እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ይሄዳል። ገምጋሚዎቹ ለቀማን ወደውታል፤ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የኬንያ እናቶችም ባቄላ ይለቅማሉና ገብቷቸዋል። አንድ ነገር ግን አስተካክል አሉኝ። ሰዓት የማይቆጥር ጨዋታ ሰው አይይዝም፣ በሰፌድ ስልሳ ሰከንድ አድርግበት ነው የሚሉት። አደረግኩበት። ከዚያ በእማዬ አካሄድ ሞከርኩት፤ ጠጠሩን ሳልጨርስ ተዘጋብኝ። እንደገና አነሳሁት። አሁን አንዴ እጨምረዋለሁ፣ አንዴ አወጣዋለሁ፤ ቀኑ በዚህ ያልፋል።

አንድ ልመና አለኝ። እስክጨርስ ማታ ማታ ክፈቺው። አንቺ መሆንሽን እያወቅኩም ቢሆን፣ ሲከፈት አያለሁ። እሷን የማያት በሱ ብቻ ነው።

ኪሩቤል

—

ዲላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኪሩ ወንድሜ፤

አልከፍትልህም። ስልኩን አጥፍቼ ቁም ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጨዋለሁ። ሳታውቅ ስዋሽህ ነበር፤ እያወቅክ ስዋሽህ ግን የሁለታችንም አእምሮ ይነካል።

ጠርታኝ ነበር ወይ ያልከኝን ልመልስልህ። አልጠራችህም። እኔንም አልጠራችኝም። በመጨረሻው ሌሊት የጠራችው የራሷን እናት ነው። እኛ እንኳ የማናውቃትን ሴት፣ “እቴቴ፣ እቴቴ” እያለች። መጀመሪያ ቅር አለኝ። እጇን ይዤ ተቀምጬ የለ? አሁን ግን ቅሬታው ለቆኛል። ከዚህ የተሻለ መልስ ባገኝ እልክልህ ነበር።

ስለ እንባ የጻፍከውን አነበብኩ። አንተ ልጅ፣ ዲላ ያንተን ዓይን ለማየት ሥራ የፈታች መሰለህ? ድንኳን ውስጥ እኮ ግማሹ ሰው ስለ ቡና ዋጋ ነው የሚያወራው። ማልቀስ ያቃተው አንገቱን ይደፋል፤ ይህ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። እኔ ልንገርህ የምፈልገው ሌላ ነው።

የኛ ቤት ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረው። ሰው ለቅሶ ሲመጣ “ወንድምሽስ?” ይለኛል። “አልተረዳም” እላለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ከንፈሩን ይመጥልሃል፣ “ምስኪን፣ ሳያውቅ” ይልሃል። ይኸው ሦስት ሳምንት ይህ መልስ ሲያስከብርህ ቆየ። ከቅዳሜው መርዶ በኋላ ግን ተረድተሃል። ያን ጊዜ “ወንድምሽስ?” ሲሉኝ ምን ልበል? ንገረኝና እሱን እላለሁ።

ደግሞ ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። እርግጥ ቤቱ ሞልቷል፤ የሷ ልጅ የሆነ ግን ከኔ በቀር አልነበረም። ይህን ያህል ቀን አልጻፍኩልህም፤ አሁን ጻፍኩት።

ጋሽ ገብሬን እንዳታሳፍራቸው። ለአጎቴ በኃይሉ “የምናገረውን ከአሁኑ እየተለማመድኩ ነው፣ ልጁን እንደ ልጄ ነው የማየው” ብለዋል። ስለዚህ እንዳልሰማ ሆነህ በርህን ክፈት። ማልቀስ ባትችል መደንገጥ አያቅትህም።

እህትህ አስናቀች

—

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፤

አስረከብኩ። ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የስልሳ ሰከንዱን ቆጣሪ አውጥቼዋለሁ፤ በገዛ ሰፌዱ ላይ ሰው አይጣደፍም። “ባይቀበሉህስ?” ብለሽ በመልእክት ለጠየቅሽኝ፣ ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፤ ከሃያው አንዱ ሆኗል። መልእክቱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ልብሴን አጠብኩ።

“ወንድምሽስ?” ሲሉሽ ምን እንደምትዪ እኔም አላውቅም።

ነገ ጠዋት ይመጣሉ። መደንገጡን መስታወት ፊት ሞከርኩት። ኪሱ የተቆረጠበት ሰው መሰልኩ።

ኪሩቤል

—

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ አስናቀች፤

እንዴት ሆነ ብለሽ አራት ጊዜ ጽፈሻል። ስልኬን ሳላነሳ ስለ ቆየሁ ይቅርታ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ቤቴን ታውቂዋለሽ ባልልም ነግሬሻለሁ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ዓርብ ማታ ልተኛ ስል ጋሽ ገብሬን የሚያማቸው ጉልበት ትዝ አለኝ። ደረጃውን ሦስት ፎቅ ወጥተው ቆመው ሊያረዱኝ ነው? ሴቶቹስ የት ይቀመጣሉ? ከፎቁ ሥር ሱቅ ካላት ጎረቤቴ ከማማ አቺየንግ ወንበር ልዋስ ወረድኩ።

“ኩና ሸሬሄ?” አለችኝ፤ ድግስ አለብህ እንዴ ማለቷ ነው።

“ሃፓና። ኒ ማታንጋ፣” አልኳት። አይ፣ ለቅሶ ነው ማለቴ ነው። “ማማ ያንጉ፣” እናቴ ናት።

“ፖሌ ሳና፣” እግዜር ያጽናህ እንደ ማለት፣ ብላ ደረቷን ያዘች። ወንበሮቹን ራሷ ተሸክማ አብራኝ ወጣች። በስዋሂሊ ስናገረው ቀላል ነበር፤ የሌላ ሰው እናት የሞተች ይመስል ነበር።

አሥራ አንድ የፕላስቲክ ወንበር በሁለት ረድፍ ደረደርኩ። አልጋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁ። ወለሉን ጠረግኩ። ጥሩ አድርጌ አሰናዳሁ ብዬ ተኛሁ። ምን እያደረግኩ እንደ ነበር እስኪነጋ አልገባኝም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ገብሬ በሙሉ ልብስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ታመነ፣ ከኋላቸው ስድስት ሰባት ሰው። ሴቶቹ ያዘቀዘቁት ነጠላ እንዳይታይብኝ ከላይ ካፖርት ደርበውበታል። ጋሽ ገብሬ “እንደምን አደርክ ልጄ” ብለው እግራቸውን አስገቡና ወንበሮቹን አዩ። ቆሙ።

“እንግዳ አለብህ እንዴ?” አሉኝ።

መደንገጥ ነበረብኝ። ጠፋኝ። “እናንተን ነው የጠበቅኩት፣ ይቀመጡ፣” አልኳቸው።

አንድ በአንድ ገብተው ተቀመጡ። ጋሽ ገብሬ ያን ሁሉ ቀን የተለማመዱትን ይዘው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መርዶ የሚነገረው ለማያውቅ ሰው ነው፤ ለሚያውቅ ሰው ምን እንደሚባል የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም። ቄስ ታመነ መስቀላቸውን ያያሉ። አንዷ ሴት የካፖርቷን ቁልፍ ትፈታለች፣ መልሳ ትቆልፋለች። አሳፈርኳቸው ብዬ አንቺን አሰብኩ። አንድ ሰው መናገር ነበረበት።

“እናቴ ሞታለች፣” አልኩ።

በአማርኛ ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ገብሬ ተነሱ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ ምናልባት ሌላ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ይሆናል፣ ራሳቸው ገና እንደሚሰሙ ሰው ይጠይቁኝ ጀመር።

“መቼ?”

“መስከረም ሃያ።”

“ምን አግኝቷት?”

“ሦስት ቀን ታማ ነው።”

“ማን ነበር አጠገቧ?”

“እህቴ።”

“ማን ቀበራት?”

“የዕድሩ ሰው። አጎቴ በኃይሉ።”

“አንተስ፣ ልጄ? አንተስ የት ነበርክ?”

እዚህ ልል አፌን ከፈትኩ። እዚህ ነበርኩ፣ ቀለም ሳስተካክል ነበር፣ ጥብስ እየበላሁ ነበር። የወጣው ግን ቃል አልነበረም። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከኔ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር፣ እትዬ። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ጋሽ ገብሬ በዚያ ጉልበታቸው ወለሉ ላይ ወርደው አጠገቤ ተቀመጡና ራሴን ያዙኝ። ሴቶቹ ካፖርታቸውን ጣሉት። ማማ አቺየንግ በሩ ላይ ቆማ፣ አንድ ቃል የማንረዳውን በራሷ ቋንቋ ታለቅስልን ነበር። ስንት ሰዓት እንደ ቆየን አልቆጠርኩም።

ትናንት ሙሉ ቀን ሰው ሲመጣ ዋለ፤ ወንበሩ አልበቃም። ዛሬ ደግሞ ዓይኔ አብጦ ይህን የምጽፍልሽ በአንድ ዓይን ነው ብልሽ ግማሽ እውነት ነው። ያመኛል። ሁሉም ነገር ያመኛል። ለሃያ ቀን ያላመመኝ ሁሉ ተጠራቅሞ መጣ፤ ልቋቋመው መቻሌን እንጃ።

ነገ ሰኞ በሞያሌው አውቶቡስ እነሳለሁ። ረቡዕ ማታ ዲላ እገባለሁ። ደጃፍ ላይ ሰው “ማን መጣ?” ቢልሽ፣ ከናይሮቢ እንግዳ መጣ እንዳትዪ። ባለለቅሶው ነው በያቸው።

ወንድምሽ ኪሩቤል